«ሰው ምን ይለኛል» ከሚባለው ነገር የተገላገለ አለ? (የተዝካር ጉዳይም አለበት)

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። እናቴ፣ አክስቶቼ፣ የአባቴ ወገኖች በሙሉ አሳባቸው አንድ ነው። ድንኳን ይጣል፣ ሰንጋ ይገዛ፣ ጠላ ይጠመቅ። አባቴ በቁሙ እያለ የተናገረው ግን ሌላ ነው። «ፍትሐቴን አስፈቱልኝ፣ ለነዳያን ያላችሁን ስጡልኝ። ለጠገበ ሰው ድግስ አትደግሱብኝ» ይል ነበር። ሁላችንም ሰምተናል። እናቴም ሰምታለች። አሁን ስናስታውሳት «እሱማ ብሎ ነበር፤ ሰው ግን ምን ይለናል?» ትላለች። ከዚያ በኋላ ወሬው ያልቃል። ለዚህ ጥያቄ ቤታችን ውስጥ መልስ ያለው ሰው የለም።

ልጽፍ የተነሣሁት ግን ስለ ድግሱ ብቻ አይደለም። ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ዓይኔ ወደ ራሴ ዞረ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሐዘን ለደረሰበት ወይ ለታመመ ሰው መዋጮ ሲሰበሰብ ወረቀት ይዞራል። ስም፣ የብር መጠን፣ ፊርማ። ወረቀቱ እኔ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የማየው የታመመው ማን እንደሆነ አይደለም። ከእኔ በላይ ያሉት ስንት ስንት እንደጻፉ ነው። አለቃዬ 500 ካለች እኔ 300። ጎኔ የሚቀመጠው 200 ካለ እኔም 200። ወረቀቱ ቀርቶ የተዘጋ ሳጥን ብቻ ቢዞር ስንት እከት ነበር? መልሱን አውቀዋለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ጾም ሲገባም እንደዚሁ ነኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔ እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው» ማለት ይቀናኛል። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ከጎኔ የማውቀው ሰው ካለ ስግደቴ ይበረክታል። እግዚአብሔር ፊት ቆሜ የጎረቤትን ዓይን የምቆጥር ከሆነ ያ ጸሎት የማን ነው?

እና ጥያቄዬ ይኸው ነው። ከሰው አፍ ነጻ መውጣት ይቻላል? ገዳም ገብቶ ማለቴ አይደለም። እዚሁ ወሎ ተቀምጦ፣ ቅሬ (የኛ እድር) እየከፈሉ፣ ከጎረቤት ቡና እየተጠራሩ ይቻላል ወይ?


ፒያሳ ልጅ (ደሴ)

በጣም ይቻላል። ይሉኝታን አሽቀንጥሮ መጣል ነው። እኔ ከጣልኩት ቆየሁ። ሰው ያወራል፣ አንቺ ትኖሪያለሽ። አለቀ።


ጡረተኛው (ወልድያ)

ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማርልሽ።

ለፒያሳው ልጅ አንድ ነገር ልበል። ይሉኝታን ጥያለሁ የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። ሁሉም መጣሉን ለሰው ሲያወራ ነው የማገኘው። ሰው ካልሰማለት የጣለው አይመስለውም። ካፌ ውስጥ ጮክ ብሎ «ለማንም ደንታ የለኝም» የሚል ጎረምሳ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ማን እንደሰማው ለማየት።

ወደ አንቺ ልምጣ። ይሉኝታ ሁሉ መጥፎ አይደለም ባይ ነኝ። ወሎ ውስጥ ሠርግ ሲሆን ታውቂዋለሽ። ደጋሹ ሙስሊም ከሆነ ለክርስቲያን እንግዶቹ ለብቻ ያሳርዳል። አራጁ ከእኛ ወገን ይጠራል፣ ድስቱ ይለያል፣ ጭልፋው ይለያል፣ ወጥ ሠሪዎቹም ሌላ ናቸው። ደጋሹ ክርስቲያን ሲሆንም ያው ነው። ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? እገሌ ቤት ሄደን ጾማችንን አደርን እንዳይባል ነው፤ አዎ፣ የሰው አፍ ተፈርቶ ነው። ግን በውስጡ ሌላ ነገርም አለ። ጎረቤቴ ሳይበላ እንዳይሄድ የሚል። ያንን ይሉኝታ ነቅለሽ ብትጥዪው አብሮ የሚነቀለው ብዙ ነው።

በሌላ በኩል ወሎ ውጭና ውስጥ መለያየት ምን እንደሆነ በደንብ የሚያውቅ አገር ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖቱን ጉባኤ ያደረጉት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሆነው ደሴ ላይ አይጠየፍ የሚባለውን የግብር አዳራሽ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። አሻፈረኝ ብሎ የሸፈተም ነበር። ብዙ ሰው ግን ቀን ቀን በንጉሡ ሃይማኖት፣ ሌሊት ሌሊት በአባቱ ሃይማኖት ኖረ። እነዚያ ሰዎች በሰው ፊት ሌላ መስለው የታዩት ለነፍሳቸው ፈርተው ነው። አልፈርድባቸውም። እኛን ግን ያስገደደን የለም። በገዛ እጃችን ነው ለሰው ዓይን የምንኖረው።


አቦል (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ለክርስቲያኖቹም እንደምን ዋላችሁ።

እህቴ፣ አባትሽን ከደጋጎቹ ይደምረው። የጻፍሽውን ሳነብ የኛ ሰፈር ሸህዬ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ይህን ሕመም ሪያእ ይሉታል። ለአላህ መሆን ያለበትን ሥራ ለሰው ዓይን መሥራት። የሚያስፈራው ከውጭ ሲታይ መልካም ሥራ መምሰሉ ነው። ሌባ ሌባ መሆኑን ያውቃል። ሪያእ ያለበት ሰው ግን ሲሰግድ ነው የሚገኘው፣ ሲሰድቅ ነው የሚገኘው።

አንድ ሐዲስ አለ። የፍርድ ቀን ከአላህ ጥላ በቀር ሌላ ጥላ በሌለበት ሰባት ዓይነት ሰዎች በጥላው ሥር ይሆናሉ ይላል። ከሰባቱ አንዱ ቀኙ የሰጠውን ግራው እስከማያውቅ ድረስ ደብቆ የሚሰድቅ ሰው ነው። ይህን አንድ ቀን ቡና ላይ ሳወራ ጎረቤቴ፣ የማርያም ማኅበርተኛ ናት፣ ስኒዋን አስቀምጣ «ቆይ ቆይ፣ ይሄ እኮ የኛ ወንጌል ነው!» አለች። እውነቷን ነው፣ ማቴዎስ 6 ላይ አለ አሉ። ያን ቀን በረካው ድረስ ያወራነው ስለ ግራና ቀኝ እጅ ነው። እናቴ ደግሞ መሐል ገብታ «አሁን እናንተ ማን ምን እንደሰጠ ለማወቅ አይደል የምትጠያየቁት» ብላ አሳቀችን።

ግን ዋናው ልነግርሽ የፈለግኩት ሌላ ነው። ፉደይል ኢብን ዒያድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ መንገድ ላይ ነጋዴ የሚዘርፉ ሽፍታ ናቸው፣ ኋላ ተውበት አድርገው (ንስሐ ገብተው) መካ ተቀምጠው በዒባዳ፣ በአምልኮ ማለት ነው፣ የታወቁ ሆኑ። እሳቸው ያሉት እንዲህ ነው፤ ለሰው ብሎ መሥራት ሺርክ (በአላህ ላይ ማጋራት) ነው፤ ለሰው ብሎ ሥራን መተውም ሪያእ ነው። አየሽ? ተዝካሩን «ለይስሙላ ደገሱ እንዳይሉን» ብለሽ ብትሰርዢው ያው ለሰው ነው የሰረዝሽው። ዓይኑ ያው የሰው ዓይን ነው፣ ዞረሽ ከሌላ በኩል ቆምሽ እንጂ።


ሰኞ ገበያ (ደሴ)

አቦል፣ ይህ የመጨረሻው ነገር ሆዴ ገባ። ምክንያቱም እውነት ነው፣ «እነሱ ዘመናዊ ናቸው፣ ገንዘቡን ለድሆች ሰጡ» መባሉንም በሐሳቤ ሰምቼዋለሁ። ሳይደረግ በፊት ጭብጨባው ተሰምቶኛል።


ሐይቅ ዳር

እኔ ዲያቆን ነኝ፣ ከሐይቅ። አባቶች ይህን ውዳሴ ከንቱ ይሉታል። ስለዚህ ነገር በግብፅ በረሃ የነበሩት የአባ መቃርስ ታሪክ አለ። አንድ ወንድም መጥቶ ምክር ጠየቃቸው። «ሂድና መቃብር ቦታ ያሉትን ሙታን ስደባቸው» አሉት። ሄዶ ሰደበ፣ ድንጋይም ወረወረ። ተመልሶ ሲመጣ «ምን መለሱልህ?» አሉት። «ምንም» አለ። «ነገ ደግሞ ሂድና አመስግናቸው» አሉት። ሄዶ ጻድቃን፣ ሐዋርያት እያለ አሞገሳቸው። አሁንም «ምን አሉህ?» ሲሉት «ምንም» አለ። «አንተም ለመዳን ከፈለግህ እንደነሱ ሁን። ስድብም ሙገሳም አይንካህ» አሉት።

እኔ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። አስተምሬ ስጨርስ «ዲያቆን፣ ዛሬስ አሳመርከው» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ስለ ውዳሴ ከንቱ አስተምሮ ውዳሴ መልቀም!

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሱባዔ ገብቼ አውቃለሁ። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ውሃው ሸሽቶ በየብስ ያስገባል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት ቦታ ነው። ዝምታው ደስ ይላል። ግን ከቀናቱ በአንዱ ቁጭ ብዬ ሐሳቤ የት እንዳለ ሳየው ምን ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ወጥቼ ለጓደኞቼ ምን ብዬ እንደምተርክላቸው እያቀናበርኩ ነው። ሰው በሌለበት ሰውን ይዤ ገብቻለሁ። ስለዚህ እህቴ «ገዳም ገብቶ ማለቴ አይደለም» ላልሽው፣ ገዳምም ብትገቢ ተከትሎሽ ይገባል።


ጡረተኛው (ወልድያ)

ዲያቆን፣ ታሪኩ ጥሩ ነው። ግን መነኩሴ ለመነኩሴ የነገረው ነው። እኔ የሞተ ሰው ሆኜ ከባለቤቴ ጋር መኖር አልችልም። ወጡን ስትሠራ «እጅሽ ይባረክ» ካላልኳት ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ እሷም ጫማዬን ስወለውል «አማረብህ» ስትለኝ ቀኑን ሙሉ ቀና ብዬ እሄዳለሁ። ይሄ ኃጢአት ነው? ልጅ ማሳደግስ? 30 ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። «ጎበዝ» ያልተባለ ልጅ እንዴት እንደሚጠወልግ አይቻለሁ።

ደግሞ ያው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ሰዎች መልካሙን ሥራችሁን አይተው አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ ይብራ ይላል። ምዕራፍ 6 ሲጀምር ለሰዎች እንድትታዩ ብላችሁ አታድርጉ ይላል። በአንድ ስብከት ውስጥ ነው ሁለቱም። እንዴት ታስታርቃቸዋለህ?


ሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ ሲያስተምሩን ልዩነቱ ምስጋናው ማን ጋ ያርፋል የሚለው ነው። ሥራው ቢታይ ችግር የለም። ምስጋናው ወደ ላይ ከሄደ ብርሃን ነው፤ እኔ መሐል ላይ ጠልፌ ካስቀረሁት ስርቆት ነው።

ሚስትዎን ማመስገኑን ግን እንዳይተዉ፣ ኋላ ዲያቆኑ ነው ያፋታን ይሉኛል።


አቦል (ኮምቦልቻ)

ቁርኣንም እንዲሁ ነው። ሱረቱል በቀራ 271ኛው አያ ላይ ምጽዋትን በግልጽ ብትሰጡ መልካም ነው፣ ደብቃችሁ ለድሆች ብትሰጡ ደግሞ ለናንተ በላጭ ነው ይላል። የታየው ሁሉ ከንቱ ነው አላለም።


ፒያሳ ልጅ (ደሴ)

እሺ፣ ጋሼ ነክተውኛል 😄 ዙሪያውን ይቃኛል ያሉት ገባኝ።

ግን እስቲ ግሸን የሚወጣውን ሰው ተመልከቱ። መስከረም 21 አምባው ጫፍ ሲደርስ ግማሹ ስልኩን ዘርግቶ በቀጥታ ያስተላልፋል። «ደርሰናል ወገን፣ ላይክ አድርጉ» የሚል ሁሉ ሰምቻለሁ። ከመስቀሉ ቀድሞ ኔትወርክ የሚፈልግ ትውልድ ሆነናል እኮ።


ወረኢሉ

ስለ ግሸን አትፍረድ። በእግሩ ስንት ቀን የተጓዘም እዚያው አለ፣ ፎቶም ያልተነሣ። አንተ ያየኸው የሚታየውን ነው፤ የማይታየውን በምን ታየዋለህ?

እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ምርቃት መፈለግስ? እኛ አገር ሰው ያለ ምርቃት አይንቀሳቀስም። መኪና ቢገዛ፣ ሱቅ ቢከፍት፣ ፈተና ሊቀመጥ ቢሆን ሽማግሌ ጋ ሄዶ ጉልበት ስሞ መመረቅ አለበት። ይሄም «ጎበዝ በሉኝ» ማለት ነው?


አቦል (ኮምቦልቻ)

ኧረ አይደለም! ወዳጃ ላይ፣ ሰው ለዱዓ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁህ ስላለህ ነገር አይደለም የሚያወሩት። «ይስጥህ» ነው የሚሉህ፣ ገና ስለሚመጣው። ሙገሳ የሠራኸውን ይቆጥራል። ምርቃት ባዶ እጅህን ያያል። ተመርቆ የታበየ ሰው አላየሁም፣ አንገቱን ደፍቶ አሚን ነው የሚለው።


ጤና ጣቢያ (ከሚሴ)

ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። እኔ በሥራዬ የማየው ይሉኝታ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ልጃቸው አእምሮው ሲታመም ሰው እንዳያየው ጓዳ ዘግተው የሚያኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ባሏ እየመታት «የሰው መሳቂያ አልሆንም» ብላ ችላ የምትኖር አለች። የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጃቸውን «ባል ታጣለች» ብለው መድኃኒት የሚያስቀሩባትም አጋጥመውኛል። እነዚህ ሰዎች ሙገሳ አልፈለጉም። ወሬ ብቻ ነው የፈሩት። ስለ ምጽዋትና ስለ ጾም ስታወሩ እነሱንም አስቧቸው ብዬ ነው።


ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ልክ ነሽ። የኔ ሕመም ከዚያ ጋር ሲተያይ የጥጋብ ነው።


የሐርቡ ልጅ (ጅዳ)

አሰላሙ ዐለይኩም። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔም ልተንፍስ።

እዚህ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ከመጣሁ ዓመታት አልፈዋል። ለአረፋ አገር ልገባ አስቤ ነበር፣ አሁን እያመነታሁ ነው። ለምን ብትሉኝ ሻንጣ። ከዐረብ አገር የመጣች ልጅ ሐርቡ ከመኪና ስትወርድ ሰው ፊቷን አይደለም የሚያየው። ሻንጣውን ነው የሚቆጥረው። ስንት ካርቶን አወረደች፣ አንገቷ ላይ ወርቅ አለ ወይ፣ ለአጎቷ ልጅ ስልክ አመጣች ወይ። ከኔ በፊት የገባችው የሰፈራችን ልጅ ባዶ እጇን ነው የመጣችው፣ ታማ። እስከ ዛሬ ስሟ የሚነሣው «ምንም ሳትይዝ የመጣችው» እየተባለ ነው። የታመመችው ተረስቷል።

የላክሁት ሐዋላ ቤት ሆኗል፣ አልሃምዱሊላህ። ቆርቆሮው ያንጸባርቃል አሉ። ወንድሜ በኢሞ ሲያሳየኝ መጀመሪያ ያየሁት ከመንገድ ይታያል አይታይም የሚለውን ነው። እናቴ ግን አሁንም የምታድረው በድሮው ቤት ነው። «አዲሱ ይበርደኛል» ትላለች። እኔ ያሠራሁት ለማን ነው ታዲያ?

ፎቶም እንደዚሁ። ማዳሜ ስትወጣ ሳሎኗ ውስጥ ቆሜ የምነሣው አለ። ሶፋው በወርቃማ ጥልፍ ነው፣ መጋረጃው እስከ መሬት። እዚያ ቆሜ ፈገግ እላለሁ። የምተኛው እቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎን። ያንን ክፍል ማንም አይቶት አያውቅም። እናቴ እንኳ።

ሶላቴ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። አቦል ያልሽውን ሳነብ ይሄ መጣልኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ለማንም ሳላሳይ ያደረግሁት አንድ ነገር ቢኖር እዚያች ማሽን ጎን የሰገድኩት ነው። ሌላው ሁሉ ፎቶ አለው።


አቦል (ኮምቦልቻ)

ያ ረቢ። አስለቀስሽኝ እኮ የኔ እህት። አላህ ይቀበልሽ።


ጡረተኛው (ወልድያ)

ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝና ልለምንሽ። ለአረፋ ግቢ። ሐርቡ ሻንጣ የሚቆጥር ካለ ይቁጠር፣ ቁጥር ማወቁ አይከፋም።


ፒያሳ ልጅ (ደሴ)

ጋሼ አንደኛ ኖት 😂


ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። የተዝካሩን ነገር ልንገራችሁ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ሙስሊም ነው። ከአንድ አባት ናቸው፣ ወሎ ነውና አይግረማችሁ። እኛ ሸህ አባባ ነው የምንላቸው። ነገሩ ጭቅጭቅ ሲሆን መጡና እናቴን አጠገባቸው አስቀመጧት። ቡና ተፈልቷል። ስለ ሃይማኖትም ስለ አባቴ ቃልም ምንም አላነሡም። «እስቲ ሰው ምን ይለናል የምትይው ሰው ማን ማን ነው? ስማቸውን ቁጠሪልኝ» አሏት።

እናቴ ሳቀች። «ሰው ነዋ፣ አገር ምድሩ» አለች።

«አገር ምድሩ ስም አለው። ቁጠሪ» አሉ፣ ጣታቸውን እየዘረጉ።

ቀስ እያለች መቁጠር ጀመረች። አንደኛ የታችኛው ግቢ እትዬ። ሁለተኛ የአባቴ የአክስት ልጅ፣ ጢጣ ያሉት። ሦስተኛ ላይ ስትደርስ አንድ ስም ጠራችና አፏን ያዘች። ሴትዮዋ ከሞቱ ቆይተዋል። ቀብራቸው ላይ እናቴ ራሷ ነበረች። እኛ ሳቅ ገደለን። ሸህ አባባ ግን አልሳቁም፤ «ቀጥዪ፣ አራተኛ?» አሉ። አራተኛ አልነበረም። አሰበች፣ አሰበች፣ አልመጣም።

ለካ ይህን ሁሉ ዓመት አገር ምድሩ እያለች የምትፈራው ሁለት ሰውና አንዲት ሟች ነው።

ይባስ ብሎ የታችኛዋ እትዬ እንደ አጋጣሚ ማታ ብቅ አሉና እናቴ ደፍራ ጠየቀቻቸው። «እኔማ የባለቤቴን ተዝካር ተበድሬ ነው የደገስኩት፣ ያኔ አንቺ ምን ትይኛለሽ ብዬ ነው» አሏት። እርስ በርስ ሲፈራሩ ኖረዋል ማለት ነው።

ውሳኔያችን ይህን ይመስላል። ጠዋት ፍትሐት ይደረጋል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት ነዳያን እንጀራና ወጥ በልካችን እናዘጋጃለን፣ አባቴ ያለው እሱን ነው። ለቅሬው ሰው ዳቦና ቡና ይኖራል። ድንኳን የለም፣ ሰንጋም የለም። እናቴ ጠላ ይኑር ብላለች፤ ትንሽ ጋን ተፈቅዶላታል። አንዷ አክስቴ «እኔ እንዲህ ላለው ለቅሶ አልመጣም» ብላ ስልክ ዘግታለች። እስካሁን አላነሣችም። ያ ያሳዝነኛል፣ አልዋሽም። እናቴ በየማታው ትደውልላታለች።


ወረኢሉ

ይቺ የስም ቆጠራ ነገር ከስንት ስብከት ትበልጣለች። ዛሬ ሞከርኩት። የኔ አንዱ ሰው አሥረኛ ክፍል አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። አሁን የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ለሱ ነው መኪና የምገዛው።


ሐይቅ ዳር

ለሽማግሌው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከአባ መቃርስ ጋር ቢገናኙ ይግባቡ ነበር።


ጤና ጣቢያ (ከሚሴ)

እኔም ለታካሚ ቤተሰብ ልጠቀምበት ነው። «ማን ነው የሚያወራባችሁ? ስሙን ንገሩኝ።» ጥሩ ጥያቄ ነው።


የሐርቡ ልጅ (ጅዳ)

እኔም ቆጠርኩ። የእናንተ ሦስትና አራት ላይ ያልቃል፤ የኔ ሃያ አለፈ 😅 የአጎቴ ሚስት፣ ልጆቿ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ መስጊድ በር ላይ የሚቀመጡት፣ አብረውኝ የተመዘገቡት ልጆች… አላለቀም። እኔ ላይ አልሠራም።


ጡረተኛው (ወልድያ)

ከሃያዎቹ ባለፈው ረመዳን ደውለው «እንዴት ነሽ» ያሉሽ ስንቶቹ ናቸው?


የሐርቡ ልጅ (ጅዳ)

…ቆይ ጋሼ።

ሁለት። እናቴና ታናሽ እህቴ። ሌሎቹም ደውለዋል፣ ግን ሐዋላ ሲዘገይ ነው።


አቦል (ኮምቦልቻ)

ስለዚህ ሻንጣው የሁለት ሰው ይሁን። የቀረውን ክብደት አውሮፕላኑም አይወድም። ኮምቦልቻ ስትደርሺ ቡና እኔ ጋ ነው፤ ሐርቡ መኪና ይደርሳል፣ ቅርብ ነው።


የሐርቡ ልጅ (ጅዳ)

ኢንሻአላህ። ለእናቴ ወፍራም ብርድ ልብስና ሽቶ ይዣለሁ። አዲሱ ቤት ይበርደኛል ካለች በብርድ ልብሱ ትግባ።


ጡረተኛው (ወልድያ)

ካልፈለገችም በድሮው ቤት ትልበሰው። አታስገድጃት።


ሰኞ ገበያ (ደሴ)

አክስቴ ስልክ አነሣች! ትመጣለች። ግን ወጡን እኔ ነኝ የምሠራው ብላለች፣ የኛን አታምነውም።